ደረትና ራስ

ሌሊት ከፋብሪካው ብርድ ልብስ ስሸምን፣
ቀን ደግሞ ስፈልግ አንድ ሁነኛ ዘፈን፣
ላይኛው ኖታ ላይ ድምፄን የማስለምድበት፣
ክረምቱ አለፈ፤ ጥቅምት ገባበት።
የደብረ ብርሃን ጥቅምት ውርጩ ለብቻ ነው፤
የማለዳ ጉሮሮ እንደ ቧንቧችን ነው፣
ፀሐይ ካልነካው ጠብ አይልም ውሃው።

ስልኬ ውስጥ አርባ ሰባት ዘፈን አሰልፌ፣
ሁሉንም ሞከርኩት ትራሴን አቅፌ፣
አከራዬ እማማ የሺ እንዳይሰሙ።
በደረቴ ስገፋ ሥሮቼ ሲቆሙ፣
በራሴ ስለቀው ቃላቱ ሲተኑ፣
እንደ ጣርማበር ጉም የትም ሲበተኑ።

አንዱን ወድጄው ነበር፤ ከሁሉ የከበደውን፣
ሰው ሲሰማው ዓይኑን የሚጨፍንለትን።
ደብረ ሲና ሠርግ ላይ ያዝኩና ማይኩን፣
"ነይልኝ ማታ" ሲል፣ ያቺ "አ" ላይ ስደርስ
ድምፄ ተቀደደ፣ እንደ አሮጌ ልብስ።
ሙሽራው አዘነልኝ፤ ኬኩን አየ ዝም ብሎ።
ሚዜው ግን አልማረኝ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ፦
"ስሙ ወንድይፍራው፤
ድምፁን ማን ይፍራው!"

ጋሽ እርገጤ ዘንድ ሄድኩ፤ የድሮ አኮርዲዮን ተጫዋች፣
ዛሬ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ባለ ሁለት ግትር ጣቶች።
ዝርዝሬን አዩልኝ መነጽር አውልቀው፣
ሠላሳ ዘጠኙን በእርሳስ ሰርዘው፦
"ልጄ፣ የምታደንቀው ዘፈን ትምህርት ቤት አይሆንም፤
ሰውየውን ትመስላለህ እንጂ ራስህን አትሆንም።
ቀርፋፋውን ምረጥ፣ ቁመቱ ልከኛ፣
አንዴ ሽቅብ ወጥቶ ቶሎ የሚተኛ።
'አ' ላይ አፍህን እንደ በር አትበርግደው፤
ወደ 'ኦ' ዘንበል አርገህ በጠባቡ ስደደው።
ደረትህ ቆላ ነው፣ ሮቢት ነው፣ ወፍራም ሙቀት፤
ራስህ ደጋው ነው፣ አየሩ የሳሳበት።
መሀሉ ዳገት ነው። ማርሽ ሳይቀይር
የትኛው ሹፌር ነው ጣርማበርን የሚሻገር?"

ስምንት ዘፈን ቀረኝ። አንዱን ሳመሽ ሳነጋ
ጉሮሮዬ ላላ፤ ግን ያቺ ድልድይ ጋ
እንደ በቅሎ ነኝ፤
ጅራፍም አይነዳኝ።

እሑድ ከሮቢት ስመለስ፣ የመናኸሪያው ሙቀት፣
ማንጎው፣ ሽንኩርቱ፣ የባጃጁ ጩኸት፣
ረዳቱ ጉልላት ከበሩ ተንጠልጥሎ፣
"ብርሃን! ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ፣
ጎህ ሲቀድ የጀመረ።
አንገቱን አየሁት፤ የተገተረ ሥር የለም።
"ብር" ሲል ደረት ነው፣ "ሃን" ሲል ራስ፤ ስፌቱ አይታይም።
ማንም አላስተማረው። ለእንጀራው ነው የሚጮኸው፤
ነገም ስለሚጮህ ነው ዛሬ የሚቆጥበው።
እርሳስ ተበድሬ ዝርዝሬ ላይ ጻፍኩት፣
"የጉልላት ጥሪ"፤ ከሁሉ በላይ አረግኩት።

ደብረ ሲናን አለፍን፤ ሹፌሩ ማርሽ ነካ፤
መኪናው አቃሰተ፣ ጉሙ ከመስኮት ተለካካ።
ዋሻው አፉን ከፍቶ ሁላችንን ሲውጠን
ቀስ ብዬ ጀመርኩት፣ ከታች፣ ከሆዴ ጎን፦
"ብር…"
አልገፋሁትም፤ አልለቀቅሁትም ደግሞ፤
"…ሃን!" አለ፣ ያንን ድልድይ የት ጋ እንዳለፈው
እስካሁን አላውቀው።

መኪናው ቀጥ አለ።
"ማነው ወራጅ?" አለ ሹፌሩ ተቆጥቶ።
ጉልላት በሩን ይዞ አፈጠጠ፣ አንገቱን አውጥቶ።
"ወራጅ የለም" አልኩት፤ ፊቴ በእፍረት ግሎ፣
"ወጪ ነው።"
ተሳቀ።
ከፊቴ ያሉ ሴትዮ፣ በጋቢ ተሸፋፍነው፣
"መስኮቱን ዝጋው ልጄ፣ ጉሙ ገባብን" አሉኝ፤
"ብርሃን ገና ነው።"